ፉሺኮውን በትኑት

ፖሱ ዳ ኦንሳ፣ ማርች 14 ቀን 1983

ለእህቴ ልጅና ለክርስትና ልጄ ለጃንዲራ፤

እግዚአብሔር ይባርክሽ፤ በምትሄጂበት መንገድ ሁሉ እመቤታችን ትቅደምልሽ፤ የሳኦ ፓውሎ ብርድም ደረትሽን አይድፈረው። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ዝናብ ዘንድሮም የለም፤ የሰማዩን ነገር ተይው። ፍየሎቹ አጥንታቸው ገጦ ነው ያሉት፤ ግን አሉ።

የምትጽፍልኝ እንደ ሁልጊዜው ጎረቤቴ ቫልዴቴ ናት። የምልሽን ብቻ ጻፊ ብያታለሁ። እሺ ብላ አንገቷን ትነቀንቃለች፤ እኔ ማንበብ ስለማልችል ምን እንደምትጨምር የሚያውቁት እሷና ወረቀቱ ናቸው። (ምንም አልጨመርኩም፣ ጃንዲራ። ቫልዴቴ።)

በአውቶቡስ የላክሽው የቁርጥራጭ ጨርቅ ጆንያ ደርሷል። ሾፌሩ ከነአቧራው በሬ ላይ ጥሎት ሄደ፤ ደህና ዋሉ እንኳ አላለም። ሴቶቹ ተሰብስበው ከፈትነው። ልጄ፣ አትቀየሚኝና ግማሹ አይረባም። ያ የሚያንሸራትት ናይሎን መርፌ አይቀበልም፤ ጠርዙን ሳጥፈው ከእጄ ያመልጣል። ፉሺኮ የሚሆነው ጥጥ ነው። በስኒ ማስቀመጫ ለክተሽ ክብ ትቆርጫለሽ፤ ጠርዙን እያጠፍሽ ዙሪያውን በመርፌ ትሄጂበታለሽ፤ ክሩን ስትስቢው ሰብሰብ ብሎ ትንሽ አበባ ይሆናል። ጥጥ ከሆነ ተጨፍልቆ ይተኛል። ናይሎን ግን ተመልሶ ይነሳል። ይህን ሰባት ዓመት ሳይሞላሽ እጅሽን ይዤ አስተምሬሻለሁ፤ ከተማ ስትገቢ ረሳሽው እንዴ?

እስካሁን ስምንት መቶ ስድሳ ፉሺኮ ሰፍቻለሁ። ለአንድ ሰው አልጋ ልብስ ሊበቃ ትንሽ ነው የቀረው። አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የእናትሽ ቢጫ ቀሚስ፣ ትንንሽ ነጭ አበባ ያላት፣ እስካሁን ከሣጥኑ ሥር አለች። ከሴሊና ያለሽ እሷ ብቻ ናት፤ ነፍሷን ይማረው። ብል ሳይበላት ቆርጬ የአልጋ ልብሱ መሐል ላይ ላድርጋት? አንዴ መቀስ ከገባባት መመለሻ የላትም። ካልፈቀድሽ አልነካትም።

ጥጥ ላኪ። ያረጀም ቢሆን ጥጥ ይሁን።

አክስትሽና የክርስትና እናትሽ
ዙልሚራ


ሳኦ ፓውሎ፣ ኤፕሪል 10 ቀን 1983

ለተከበሩ የክርስትና እናቴ፤

ምርቃትዎን እየጠየቅሁ እጅዎን እስማለሁ። እግዚአብሔር ጉልበትዎን ይጠግንልኝ፤ ዝናቡንም ያምጣልዎት። ለቫልዴቴም ሰላምታዬን ያድርሱልኝ፤ ይህን ስታነብልዎ ራሷ ትሰማው የለ።

ቀሚሷን ይቁረጧት። ብል ከሚበላት መቀስ ይብላት። የእናቴ ፎቶግራፍ የለኝም፤ የመቃብሯ መስቀልም ድሮ ወድቋል ብለውኛል። የማስታውሰው አንድ ነገር ብቻ ነው። ጭኗ ላይ ተኝቻለሁ፤ ፊቴን በዚያ ቢጫ ጨርቅ ሸፍኜዋለሁ፤ የአመድ ሳሙናና የብርቱካን ቅጠል ይሸታል፤ አንድ እጅ ጀርባዬን ይደባብሰኛል። ሌላ የለኝም። ፊቷ እንኳ አይመጣልኝም። ቀሚሷ አልጋ ልብሱ ላይ ከተሰፋች ግን በየቀኑ እዳብሳታለሁ። ስለዚህ መሐል ላይ ያድርጓት፤ ጠርዝ ላይ እንዳይሆን።

በምሠራበት ስፌት ቤት ያሉትን ሴቶች አንድ ቀን አስቅቻቸዋለሁ። እዚህ ፉሺኮ ሲሉ ሐሜት ማለታቸው ብቻ ነው። እኛ ዘንድ የጨርቋን አበባም ፉሺኮ እንላታለን ስላቸው፣ "እየሰፋችሁ ምን ታወራላችሁ?" አሉኝ። "ሰው ነዋ!" አልኳቸው። "በሉ፣ ስሟ ከየት እንደመጣ ታወቀ" ብላ አንዷ መቀሷን እስክትጥል ሳቀች። እኔም በሩ ላይ ተሰብስባችሁ ስትሰፉ ታየኝና ሆዴ ባባ።

ጥጥ ያሉትን ልኬያለሁ። ከስፌት ቤቱ ወለል የለቀምኩት አለ፤ ያልበቃውን ከቤት ጨምሬበታለሁ።

አንድ የተለወጠ ነገር አለ። አልጋ ልብሱ ሰፋ ይበልልኝ። የሁለት ሰው ይሁን።

የክርስትና ልጅዎ
ጃንዲራ


ፖሱ ዳ ኦንሳ፣ ሜይ 19 ቀን 1983

ለጃንዲራ፤

እግዚአብሔር ይባርክሽ። ሌላውን ከማንሳቴ በፊት በረከቱ ይቅደም፤ በኋላ ስናደድ እንዳልረሳው።

ጆንያው ደረሰ። በሬ ላይ ስድስት ሴቶች ሆነን ከፈትነው። ነጭ ጥጥ አለ፤ የሕፃን ልብስ ቁራጭ አለ፤ ጥሩ ነው። ከሥር አንድ የወንድ ሸሚዝ ወጣ። ሰማያዊ መስመር ያለው። የስፌት ቤት ቁርጥራጭ አይደለም፤ ሙሉ ሸሚዝ ነው። ኮሌታው ተበልቷል፤ ክርኑ ታጥቦ ታጥቦ ሳስቷል። አንዱ ቁልፍ ወልቆ በቀይ ክር ተተክሏል፤ ከኋላው ሁለት ቋጠሮ አለበት። ሁለት ቋጠሮ የማስር እኔ ነኝ፤ ከእኔ የተማርሽው ደግሞ አንቺ ነሽ። ፊደል አልቆጠርኩም፤ ጨርቅ ግን አነባለሁ። ሴቶቹም ያነባሉ።

ማንም ምንም አላለም። ጃንዲራ፣ እነዚህ ሴቶች ዝም ሲሉ አይተሽ ታውቂያለሽ? (እኔ እስካሁን ዝም እንዳልኩ ነኝ። ቫልዴቴ።) አንቺ ሴት፣ ዝም በይና ጻፊ! ይህንንም ጻፍሽው? በይ ይጻፍ፣ እሷም ትስማው።

ሰፋ ይበል ብለሽኛል። በወዲያኛው ጎን የሚተኛው ማነው? ስም የለውም? አባት እናት የለውም? ከየት አገር ነው? በቤተ ክርስቲያን ነው ወይስ እንዲያው ነው? ያሳደግሁሽ እኔ ነኝ፤ ሸሚዝ በጎረቤት ፊት ከሚነግረኝ አንቺ በአፍሽ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት? አንጀቴ ያረረው በሸሚዙ አይደለም። ሸሚዙን ከጆንያ ሥር ደብቀሽ በመላክሽ ነው።

ቀሚሷን ቆርጫታለሁ። ከእሷ አርባ ሦስት ፉሺኮ ወጣ። መቀሱን ከማስገባቴ በፊት ተነስቼ ውሃ ጠጥቼ ተመለስኩ። አሁን መሐል ላይ ተሰፍታለች፤ ከሩቅ ታበራለች። ሸሚዙንም ቆርጬዋለሁ፤ ጥጥ ነውና አይጣልም። ነገር ግን ስሙን ሳላውቅ ከእሷ አጠገብ አልሰፋውም፤ ለብቻው በጣሳ ውስጥ ተቀምጧል።

መልስሽን እጠብቃለሁ። ለጁኑ የሳኦ ጁዋኦ በዓል ትመጫለሽ ብዬ በቆሎም አስቀምጬልሻለሁ።

ዙልሚራ


ሳኦ ፓውሎ፣ ጁን 30 ቀን 1983

ለክርስትና እናቴ፤

ምርቃት ልጠይቅ ብዕሩን አንስቼ ነበር፤ መልሼ አስቀመጥኩት። ለበዓሉ ያልመጣሁትም ለዚሁ ነው። ደብዳቤዎን ሳልመልስ የቆየሁት በንዴት የምጽፈውን ነገር ፈርቼ ነው። አንድ ወር ሙሉ ጠበቅሁ፤ ንዴቱ ግን አልሄደም፤ እንዲያውም ብሶበታል።

ባለፈው ማክሰኞ ከፖሱ ዳ ኦንሳ የመጣች አንዲት ሴት ሥራ ፍለጋ ወደ ስፌት ቤታችን ገባች። የአገሬን አነጋገር ስሰማ ደስ ብሎኝ ብድግ አልኩ። አየችኝና ሃያ ሴት በተቀመጠበት፣ በአለቃዬ ፊት፣ "ውይ! የሰው ባል የቀማሽው ጃንዲራ አንቺ ነሽ እንዴ?" አለችኝ። የስፌት መኪኖቹ ሁሉ ቆሙ። እሷ ግን አላቆመችም። አራት ልጆቹን ሜዳ ላይ አስጥዬዋለሁ አሉ። ሚስቲቱ እያለቀሰች በእግሯ ባሂያ ድረስ ሄዳለች አሉ። አርግዣለሁ አሉ፤ ደግሞ መንታ! ይህን ሁሉ ማን ነገረሽ ስላት ዓይኗን በጨው አጥባ፣ "ዶና ዙልሚራ በር ላይ ነዋ፣ ፉሺኮ ስንሰፋ" አለችኝ።

እርስዎ በር ላይ! እርስዎ ወንበር ላይ ተቀምጠው! ጥጥ ላኪ፣ ያረጀም ቢሆን ላኪ ያሉኝ እርስዎ ነዎት። ከቤቴ ያገኘሁትን ጥጥ ላክሁ። አልደበቅሁትም፤ ስለከበደ ከሥር ገባ። እናንተ ግን ከአንድ አሮጌ ሸሚዝ ሚስት አወጣችሁ፤ አራት ልጅ አወጣችሁ፤ መንታ አስረገዛችሁኝ። እንደ ጨርቅ ቆራርጣችሁ፣ ዙሪያዬን በክር ስባችሁ ሰፋችሁኝ። እርስዎም ዝም ብለው ሰሙ። "የልጄን ስም ተዉ" ለማለት አፍ አልነበረዎትም?

እንግዲህ ይበቃል። ከቤትዎ ፉሺኮ የሚባል ነገር ይውጣ። ይበትኑት! አንድም እንዳይተርፍ። ከዚያ በር የወጣ ፉሺኮ ሁለተኛ ደጄ እንዲደርስ አልፈልግም፤ ስሙንም መስማት አልፈልግም። ይህን ካላደረጉልኝ የክርስትና ልጅ አለችኝ አይበሉ።

ጃንዲራ


ፖሱ ዳ ኦንሳ፣ ጁላይ 22 ቀን 1983

ለክብርት ወይዘሮ ጃንዲራ፣ ሳኦ ፓውሎ፤

ትእዛዝዎ ደርሶኛል። ሦስት ጊዜ አስነበብኩት። (ሦስተኛው ላይ ድምፄ ተዘጋ። ሌላ ነገር ማለቷ ይሆናል ብያቸው ነበር፤ አልሰሙኝም። ቫልዴቴ።)

ያሉኝን ፈጽሜያለሁ። ፉሺኮ ከቤቴ ይውጣ ብለዋል፤ ወጥቷል። ይበተን ብለዋል፤ ተበትኗል። አንድም አይትረፍ ብለዋል፤ አልተረፈም። የተጋጠመውን አልጋ ልብስ ቁጭ ብዬ በመቀስ ፈታሁት። መስፋቱ ስድስት ወር ፈጅቶ ነበር፤ መፍታቱ ግማሽ ቀን አልፈጀም። ሰኞ የገበያው ዕለት አንድ ሺህ አራት መቶ አሥራ ሁለቱንም በቅርጫት ተሸክሜ ወጣሁ፤ ላገኘሁት ሁሉ አደልኩ።

መቼም ከተሜ ሆነዋልና ምን ተሠራበት ብለው ይጠይቁ ይሆናል። የሥጋ ሻጩ ሚስት ድስት መያዣ ልትሠራበት ሃያ ወሰደች። ውሃ በአህያ የሚያመላልሰው ሰውዬ ለኮርቻው መሸፈኛ መቶ ያህል ጠየቀኝ፤ መቶ ሃምሳ ሰጠሁት፤ አህያው ከእርስዎ ይልቅ ያመሰግነኛል። የቤተ ክርስቲያኑ ጠራጊ ለወንበር ትራስ ወሰደ። አንዷ ለመርፌ መሰኪያ፣ አንዷ ለልጇ ፀጉር ማሰሪያ፣ አንዷም ለምን እንደሆነ ሳታውቅ ስለተሰጣት ብቻ ወሰደች። ሕፃናቱ የቀረውን መሬት ላይ እየጣሉ እንደ ሳንቲም ተጫወቱበት።

ቢጫዎቹስ ካሉኝ፣ አርባ ሦስቱም ሄደዋል። ማን እንደወሰዳቸው ከቶ አላየሁም። የዚያን ስም የለሽ ሰውዬ የሸሚዝ ቁራጭ ግን ማንም አልፈለገውም፤ ከነጣሳው በአውቶቡስ መልሼልዎታለሁ።

በሬም ከዚያን ቀን ጀምሮ ዝግ ነው። የምገባውና የምወጣው በጓሮ ነው። እዚህ ቤት ከእንግዲህ አይሰፋም።

ያሳደገችዎ
ዙልሚራ


ሳኦ ፓውሎ፣ ኦገስት 6 ቀን 1983

አክስቴ፤

ሐሜቱን ነበር ያልኩት! ሐሜቱን! ወሬው ይውጣ፣ ወሬው ይበተን፣ ሴቶቹ ከበርዎ ይነሱ ነበር ያልኩት። ይህ የማይገባው ሰው ይኖራል? በር ላይ ተቀምጦ ሰውም ጨርቅም ሲሰፋ የኖረ ሰው ቃሉን አያውቀውም? ደብዳቤዎን ሳነብ ጮህኩ። የሠፈሩ ሰው ቤት ተቃጠለ ብሎ ወጣ።

እናቴን በትነዋታል። የአህያ ኮርቻ አድርገዋታል። ድስት መያዣ አድርገዋታል። ሕፃናት መሬት ላይ ጥለው ተጫወቱባት ይሉኛል፤ ያውም እየተኩራሩ! በዚህ ዓለም ከእናቴ የነበረኝ አርባ ሦስት ቁራጭ ጨርቅ ነው። ሌላው ሰው ፎቶግራፍ አለው፤ ቀለበት አለው፤ መቃብር አለው። እኔ ጨርቅ ነበረኝ። እሱንም አደራ ብዬ የሰጠሁት ለእርስዎ ነበር።

አሁን ሊያውቁት የፈለጉትን ይወቁት። ስሙ አዴማር ነው፤ የመብራት ሠራተኛ ነው፤ አርባ ዓመቱ ነው። ሚስት ነበረችው፤ ትታው ከሄደች ስምንት ዓመት ሆኗታል፤ በሕግ ተፋትተዋል። ልጅ የላቸውም፤ አራት ቀርቶ አንድ የላቸውም። ቄስ ስለማያጋባን በመዝገብ ቤት እንፈራረማለን። መንታውን እናንተ ናችሁ የፀነሳችሁት።

ለምን ከአፍሽ አልሰማሁትም ብለውኛል። እንዴት ልንገርዎ? ለእርስዎ የምጽፈውን ሁሉ ቀድማ የምታየው ቫልዴቴ ናት። ሲያለቅሱ ታያለች፤ ሲስቁ ታያለች፤ ደብዳቤውን አጥፋ ሳትጨርስ መንደሩ ሰምቷል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ለእርስዎ አንዲት የምሥጢር ቃል ጽፌ አላውቅም። ያሳደገችኝን ሴት በሌላ ሰው አፍ ነው የማናግራት። ይህን አስበውት ያውቃሉ? ወይስ እኔ ደህና ነኝ፣ እርስዎም ደህና ነዎት፣ ፍየሎቹም ደህና ናቸው እየተባባልን ልንሞት ነው?

ቢጫዎቹን ይሰብስቡ። በየቤቱ እየዞሩ፣ ከአህያው ጀርባም ቢሆን፣ ይሰብስቧቸው። ቫልዴቴ፣ ይህን ስታነቢ ድምፅሽ እንዳይዘጋ፤ አጥርተሽ አንብቢላቸው።

ጃንዲራ


ሳንታ ሪታ ገበያ፣ ሴፕቴምበር 3 ቀን 1983

ጃንዲራ፤

ይህን የሚጽፈው በገበያው ጥግ ጠረጴዛ ዘርግቶ ለሰው ደብዳቤ የሚጽፍ ሽማግሌ ነው። አያውቀኝም፤ አላውቀውም። በጭነት መኪና ከባቄላ ጆንያና ከሰው ፍየል ጋር ሦስት ሰዓት ተንገጫግጬ የመጣሁት ለዚህ ነው። ቫልዴቴ የማትሰማው ቃል አምሮሽ የለ? በይ ስሚ።

መጀመሪያ፣ አውቄ ነው። ምን ለማለት እንደፈለግሽ ቫልዴቴ አንብባ ሳትጨርስ ገብቶኝ ነበር። "የክርስትና ልጅ አለችኝ አይበሉ" የሚለው ላይ ስትደርስ ደሜ ፈላ። ቃሉን ልጎዳሽ በምችልበት በኩል ያዝኩት። ሳላውቅ ነው ብዬ አልዋሽሽም፤ ውሸት ሰልችቶኛል።

ሁለተኛው ይከብዳል። ያቺ ቀሚስ የሴሊና አልነበረችም። የእኔ ናት።

እናትሽ በሳንባ ነቀርሳ መሞቷን ታውቂያለሽ። የማታውቂው ልብሷ ሁሉ መቃጠሉን ነው። የጤና ሰው መጥቶ ፍራሿን፣ ትራሷን፣ ቀሚሶቿን፣ ማበጠሪያዋን ሳይቀር ጓሮ አውጥቶ አስቃጠለን። የተረፈችውን አንዲት ነጭ ቀሚስ አልብሰን ቀበርናት። አንቺ ስድስት ዓመትሽ ነው። አመዱን በእጅሽ እየበተንሽ "የእማዬ ልብስ የታለ?" ትዪ ነበር። ሦስት ቀን እህል አልቀመስሽም። በአራተኛው ቀን የለበስኳትን ቢጫ ቀሚስ አወለቅሁና "ይኸው፣ የእናትሽ ናት" አልኩሽ። አቅፈሻት ተኛሽ፤ ስትነሺ በላሽ። ከዚያ በኋላ እንዴት ብዬ ልንገርሽ? ነገ ትንሽ ስታድግ እያልኩ ሃያ ስድስት ዓመት አለፈ። ቀሚሷን መልሼ ለብሻት አላውቅም፤ የክት ቀሚሴም እሷው ብቻ ነበረች።

የምታስታውሺው ጭንም የእሷ አይደለም። ሴሊና ከታመመች ጀምሮ እስክትሞት አንድ ዓመት ከመንፈቅ አላቀፈችሽም። ጠልታሽ እንዳይመስልሽ፤ እንዳይዝሽ ፈርታ ነው። በሯ ላይ ስትመጪ በእጇ ታባርርሽና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ታለቅስ ነበር። ያኔ እየሮጥሽ የምትመጪው ወደ እኔ ነው። የአመድ ሳሙናውም የብርቱካን ቅጠሉም የእኔ ነው። ጀርባሽን የደባበስኩሽ እኔ ነኝ፣ ጃንዲራ።

ተናድጃለሁ። በአንቺም፣ በሞተችው እህቴም፣ በራሴም ተናድጃለሁ። ኩፍኝ ሲይዝሽ አብሬሽ የተኛሁት እኔ፤ ለቁርባንሽ ነጭ ቀሚስ ከመጋረጃ የሰፋሁልሽ እኔ፤ አውቶቡሱ ሲወስድሽ አቧራው ላይ የቀረሁት እኔ። የሚለቀስላት ግን እሷ። ሰው በሞተ ሰው ይቀናል? እኔ ቀንቻለሁ። "ከእናቴ ያለኝ እሷ ብቻ ናት" ባልሽ ቁጥር እውነቱ አፌ ላይ ይመጣና እውጠዋለሁ። ቅርጫቱን ይዤ ገበያ የወጣሁ ዕለት የራሴን ልብስ ነው የበተንኩት፤ በራሴ ልብስ ያሻኝን አደርጋለሁ ብዬ ነው የበተንኩት። ስመለስ ሜዳ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ቢጫዎቹን አልሰበስብም። እሷ የሌለችበት ጨርቅ ምን ያደርግልሻል?

ሽማግሌው ብዕሩን አስቀምጦ እያየኝ ነው። "ልቀጥል፣ እናቴ?" ይለኛል። አልቀጥልም፤ አበቃ።

እግዚአብሔር ይባርክሽ ለማለት መብቱ ይኑረኝ አይኑረኝ አላውቅም።

ዙልሚራ


ሳኦ ፓውሎ፣ ሴፕቴምበር 13 ቀን 1983

አንቺ ሴት፤

ዕድሜዬን ሙሉ እርስዎ ስልሽ ኖሬ ዛሬ አንቺ አልኩሽ። ከፈለግሽ ተቆጪ፤ የእኔ ቁጣ ይበልጣል። ደብዳቤሽን ስፌት መኪናው ላይ ሆኜ ሳነብ ጣቴን ሰፋሁት። አለቃዬ ቤትሽ ሂጂ አለችኝ፤ ሁለት ቀን ቤት ውስጥ ተቀምጬ ግድግዳውን ስሰድብ ዋልኩ። አዴማር ምን ሆንሽ ይለኛል። ምን ልበለው? እናቴ ሁለተኛ ሞተች ልበለው ወይስ ተነሳች?

አንድ ትዝታ ነበረኝ፤ እሱንም ወሰድሽብኝ። ራስሽ ሰጠሽኝ፣ ራስሽ ነጠቅሽኝ። ሴሊና አሁን ምንም የላትም፤ ግድግዳ የዞረች ጀርባ ብቻ ናት። ይህን ለማን አቤት ልበል? ደግሞስ ቀሚስ እንዳልነበረሽ ለምን አልነገርሽኝም? በየበዓሉ ያቺን የተጣፈች ቡናማ ቀሚስ ለብሰሽ ስትወጪ ልጆቹ ይስቁብሽ ነበር። አሥር ዓመቴ ሳለ አንድ እሑድ አፍሬብሽ፣ የማላውቅሽ መስዬ በመንገዱ በወዲያኛው ጎን ሄጃለሁ። አይተሽኛል፤ አውቃለሁ። ምንም አላልሽም። የክት ቀሚስሽን ሣጥን ውስጥ አስቀምጠሽ፣ እኔው አፍሬብሽ፣ ምንም አላልሽም! አሁን ይህን የት ላስቀምጠው? ይህንንም ተሸክሜ ልሂድ?

በአህያው ኮርቻም ተናድጃለሁ። አልረሳሁትም፤ አልተውኩትም።

ጋብቻው ኦክቶበር 1 ቀን ነው። ቄስ የለም፤ ደወል የለም፤ ጠረጴዛና ማኅተም ነው። ወረቀቱ ላይ የእናት ስም የሚል መስመር አለ፤ ሴሊና ተብሎ ይጻፋል፤ ወልዳኛለችና መብቷ ነው። ከጎኔ የምትቆሚው ግን አንቺ ነሽ። ትኬቱን ሾፌሩ ይሰጥሻል። ጉልበቴ፣ ፍየሌ፣ ዝናቡ እያልሽ ሰበብ እንዳትደረድሪ። አልጋ ልብስ አልፈልግም፤ ባዶ እጅሽን ነይ። ስትደርሺ አፍ ላፍ እንጨቃጨቃለን፤ መሐላችን ወረቀት ሳይኖር፣ ገና ብዙ የምልሽ አለኝ።

ይህን ደብዳቤ ለሳንታ ሪታው ሽማግሌ እንዳትወስጂው። ለቫልዴቴ ስጫት። ያንን በር ክፈቺው፤ ሴቶቹም ይምጡ። ማውራታቸው ካልቀረ ይህን ያውሩ። ቫልዴቴ፣ ብድግ ብለሽ፣ ጮክ ብለሽ፣ ሁለት ጊዜ አንብቢው፦ የጃንዲራ እናት አልሞተችም። ክፉ ናት፤ ምላሷ ስለት ነው፤ ግን አለች።

ልጅሽ
ጃንዲራ